ተሻግራ ያልተመለሰችው አሮጊት እና አቶ ኖሴ ኪዮሱኬ

ክቡራን ሐዘንተኞች፣ የወንድማችንን የአቶ ኖሴ ኪዮሱኬን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ ታላቅ እኅታቸው ፉሳኤ ነኝ። ከወረቀቱ ዓይኔን እያነሣሁ ወደ ኋላ ወንበሮች ብመለከት ስለ ምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ትረዱልኛላችሁና እስከዚያው ታገሡኝ።

አቶ ኪዮሱኬ ከአባታቸው ከታንኳ ቀዛፊው ከአቶ ቶኪዞ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሱሚ በ1951 እ.ኤ.አ. በቢዋ ሐይቅ ዳር ተወለዱ። አባታችን ሰው ሊያሻግሩ ወጥተው ጭጋግ በያዛቸው ቀን ሁሉ ሕፃኑ ኪዮሱኬ ከዳር ቆመው፣ ታንኳዋ እስክትመለስ ድረስ እህል አይቀምሱም ነበር፤ እናታችንም «አንተ ልጅ፣ ሐይቁን የምትጠብቀው አንተ ነህ እንዴ? ና ሾርባህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘ» እያሉ ይቆጧቸው ነበር። ጭንቀት በቤታችን እንደ ርስት የሚወረስ ነው፤ እርሳቸው ግን የእኔንም ድርሻ ጨምረው ሳይወስዱ አልቀሩም።

በኦትሱ ከተማ የኤሌክትሪክ ሙያ ትምህርታቸውን አጠናቀው በኪዮቶ በአንድ የመጫወቻ ፋብሪካ በጥገና ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በምሳ ሰዓት በባለ ካሬ መስመር ወረቀት ላይ ከሐሳባቸው የሚሥሏቸውን የመንደርና የዋሻ ካርታዎች አለቃቸው አይተው ኖሮ፣ ድርጅቱ የቪዲዮ ጨዋታ መሥራት ሲጀምር ወደ ንድፍ ክፍል አዛወሯቸው። «ሰባቱ ፋኖሶች» እና «የድመቷ ሱቅ» የተባሉት ሥራዎቻቸው በየቤቱ ገብተዋል። ይሁን እንጂ ሌላ ድርጅት አባብሎ እንዳይወስዳቸው ሲባል በዚያ ዘመን የንድፍ ሠራተኞች እውነተኛ ስም በጨዋታው ላይ አይጻፍም ነበርና፣ እናታችን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ልጃቸው መጫወቻ የሚጠግን ይመስላቸው ነበር።

በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ታላቁን ሥራቸውን «የጭጋግ ወንዝ»ን ፈጸሙ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ከመንደሩ ፋኖስ ይወስድና፣ አንዲት አሮጊት በታንኳ አሻግራው መንገዱን ይቀጥላል። ጨዋታው የተቀረጸበት ካሴት በፋብሪካ ተባዝቶ ካለቀ በኋላ ወንድማችን አላስችል ብሏቸው እንደገና ቢሞክሩት፣ ፋኖሱ ሳይወሰድ አስቀድሞ አሮጊቷን ሰላም ያለ ተጫዋች ከዳር ቀርቶ፣ እርሷ ብቻዋን ተሻግራ እንደማትመለስ አዩ። የዚያን ጊዜ ካሴት አንዴ ከተሠራ አይታረምም፤ የፈሰሰ ውሃ ነው። አለቃቸው «ኖሴ፣ አንተ ደግሞ አታካብደው። የትኛው ልጅ ነው ፋኖሱን ትቶ ከአሮጊት ጋር ወሬ የሚይዘው?» ቢሏቸው፣ «በሥርዓት ያደገ ልጅ» ብለው መለሱ፤ እንዳሉትም ያ ስሕተት ጨዋ ልጆችን ብቻ እየመረጠ ይቀጣ ጀመር።

በየካሴቱ ሳጥን ውስጥ ልጆች አስተያየታቸውን የሚልኩበት ፖስትካርድ ይገባ ነበር። ካርዶቹን የምትለየው የዛሬዋ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሃሩኤ አንድ ቀን ወደ ጠረጴዛቸው መጥታ «አቶ ኖሴ፣ ያች አሮጊትዎ እኮ ልጅ እያስለቀሰች ነው» ብላ አንዱን ሰጠቻቸው። የጻፈችው በኮቤ የምትኖር ሚናሴ ዮሪኮ የተባለች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። «አያቴ መጀመሪያ ትልቅ ሰው ሰላም በይ ስላለችኝ አሮጊቷን ሰላም አልኳት። እሷ ሄዳ ቀረች። አሁን አያቴም ሞታለች። ምን አጥፍቼ ነው?» ይላል።

ሠራተኛ በግሉ መልስ እንዳይጽፍ ደንብ ነበርና፣ ወንድማችን ከሥራ እባረራለሁ ብለው ፈርተው ዐሥራ አንድ ቀን አመነቱ። በመጨረሻ ጽፈው ቢልኩ፣ ቤተሰቡ ቤት ለቅቋል ተብሎ ፖስታው እንደታሸገ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳያሳድሩ፣ በአሮጊቷ ስም እየፈረሙ፣ ስለ ስሕተቱ ለጻፉ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ልጆች «ልጄ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ» የሚል መልስ በእጃቸው ጻፉ። አድራሻ የምትጽፍላቸው ሃሩኤ ነበረችና በዚያው ተጋቡ፤ ልጃቸው ቺግሳም ተወለደች።

ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ በፈረሰች ጊዜ፣ ባቡሩ ከቆመበት ወርደው በእግራቸው ገብተው፣ በየትምህርት ቤቱ የተለጠፈውን የስም ዝርዝር ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ። ከሟቾች መካከል የዮሪኮን ስም አለማግኘታቸውም አላሳረፋቸውም፤ «ስሟን አሳስተው ጽፈውት ቢሆንስ?» እያሉ ወደ ዝርዝሩ በየቀኑ ይመለሱ ነበር። ድርጅቱ በጡረታ ሲሸኛቸው ስለ ሥራዎቻቸው ብዙ ምስጋና ቢነገርም፣ እርሳቸው ያቺን አንዲት ፖስታ ይዘው ቀሩ።

የጉበት ሕመም ከጸናባቸው በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው «እትዬ፣ ፖስታውን አደራ» አሉኝ። «በሠላሳ ስድስት ዓመት ያላገኘሃትን እኔ አሮጊቷ የት አገኛታለሁ? ደግሞ አሁን ምን አስቸኮለህ?» ብዬ ተቆጣኋቸው። እንደዚያ ባላልኳቸው ይሻለኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

ትናንት በቀብሩ ዋዜማ በተደረገው ጸሎት የለቀስተኞችን መዝገብ ስመለከት፣ ከኮቤ የመጡ አንዲት ሴት ስማቸውን «ኦኪሺማ ዮሪኮ» ብለው፣ ከሟች ጋር ያለዎት ግንኙነት በሚለው ዐምድ ሥር «ከወንዙ ወዲህ የቀረሁ» ብለው ጽፈዋል። የሴት የቤተሰብ ስም በጋብቻ ይለወጣል፤ ግን ዮሪኮ የሚባል ሰው ብዙ ነው፤ ከወንዙ ወዲህ የቀረውም ልጅ ብዙ ነው፤ ልሳሳት እችላለሁ፤ ስሳሳት እንደኖርኩም ዕድሜዬ ምስክር ነው። ነገር ግን አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነውና፣ ያቺ ልጅ እርስዎ ከሆኑና ከመካከላችን ካሉ እባክዎ አይሂዱብኝ። ፖስታው እንደታሸገ በኪሞኖ ቀሚሴ ሰፊ እጅጌ ውስጥ አለ። አስከሬኑ ሲወጣ መጨረሻ የምሄደው እኔ ነኝ።

አቶ ኖሴ ኪዮሱኬ ባለቤታቸውን ሃሩኤን፣ ልጃቸውን ቺግሳን፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ እኔን እኅታቸውን፣ ደግሞም መልስ ስትጠብቅ የቀረችን አንዲት ልጅ ትተው አልፈዋል። ዛሬ ወንዙን ሲሻገሩ ጭጋግ አይያዛቸው፤ አሮጊቷም በወዲህኛው ዳር ቆማ ትቆያቸው፤ ነፍሳቸው ያጣችውን ዕረፍት ታግኝ።

ከኋላ በኩል የተነሡት እመቤት፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይምጡ፤ እኔ አልሄድም።