በባቄላ የተሰጠ ድምፅ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ከየክፍሉ ወንበር ተሸክማችሁ ለጡረታ መሸኛዬ ይህን አዳራሽ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ኃላፊያችን ስለ እኔ ሲናገሩ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት ብዬ ወደ ኋላ ዞሬ ነበር። ሾፌራችን ደግሞ "እትዬ፣ ያሳጥሩታ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ" ብሎኛል።

አሳጥራለሁ። ግን ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። ሌሎች ለመንደር ስብሰባ ድምፅ መስጫ ባቄላ ይዘው ሲሄዱ፣ እኛ ለምን ጠጠር እንሸከማለን? ሾፌራችንማ "ጎማውን የጨረሰው የእትዬ ጠጠር ነው" ይላል።

ዛሬ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ በተመደብኩበት መንደር ወንዶቹ መንገድ ፈለጉ፤ ሴቶቹ የውሃ ጉድጓድ። ሴቶቹ ለብቻቸው እንዲመክሩ አደረግን። ያኔ ይህም ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ መሬት ላይ ሁለት ክብ ሠራን፤ አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለጉድጓድ። ለሁሉም እኩል አንድ አንድ እፍኝ ባቄላ አደልን። ሰው ባቄላውን በመረጠው ክብ ውስጥ ያስቀምጣል። ማንበብ የለ፣ ተነስቶ መናገር የለ። ደስ ብሎን ነበር።

ወሩ ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነበር።

መንገዱ አሸነፈ። ሴቶቹ ግን በቁጥር ይበልጡ ነበር። እንዴት ሊሆን ይችላል? ዕቃ ስንጭን አንዲት ሴት ቀረበችኝ፤ የመንትዮቹ እናት ነው የሚሏት። እጇ ኪሷ ውስጥ ነው።

"እህቴ፣ እንዳትቆጪኝ።"

"ምን ሆነሽ?"

"ድምፄን አላስቀመጥኩም። ማታ ለልጆቼ ልቀቅለው ነው።"

"አንቺ ብቻ ነሽ?"

ወደ ሌሎቹ ዞር አለች። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያሉ።

ለያኔው ኃላፊ "ይደገም" አልኳቸው። "ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። ደግሞስ ማን ከለከላቸው?" አሉኝ።

መንገዱ ተሠራ። ጥሩ መንገድ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ከመንትዮቹ አንዱ በተቅማጥ ሞተ። የሚጠጡት የወንዝ ውሃ ነበር። ለለቅሶ የሄድነው በዚያው መንገድ ነው፤ መኪናው አንዴም አላንገጫገጨን። እናቲቱ አልወቀሰችኝም። ለእንግዳ እንደሚባለው "መንገድ እንዴት ነበር?" አለችኝ።



ጉድጓዱ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ዕቅድ ውስጥ ይገባል፤ በጀት ሲያንስ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ያቺ ሴት ዛሬም ከወንዝ ትቀዳለች። ዛሬም የመንትዮቹ እናት ይሏታል።

ኃላፊያችን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያ መንደር እንደገና ዕቅድ ያወጣል። እኔ የለሁም። ጠጠሩ መደርደሪያዬ ላይ ነው። ባቄላም በጆንያ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ቀቅላችሁ አብሉ፤ ጠጠሩን ከዚያ አድሉ። ጉድጓዱ ከተመረጠ ግን፣ አደራ፣ ዘንድሮ ከዕቅዱ አታውጡት።

በሉ፣ እናንተም ወደ ምግባችሁ። ጤና አይንሳችሁ። ከእኔ የተሻለ ጡረታ ውጡ፤ ቆጭቷችሁ ሳይሆን ጠግባችሁ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።

ለመንትዮቹ እናትም የቀራትን ያኑርላት።