ሙጫ የጠጣው ሮቦት

እንዴት አረፈድሽ የኔ እህት? ልጅሽን ሳሉ ተወው? ተመስገን። በሩን አትዝጊው፣ ነፋስ ይግባ... ኮሪደሩ ላይ ሻይ የሚጠጣ ሰው ቢኖርስ ምን ቸገረን? ክፉ አናወራ።

የምትተይቢው ያ ደብዳቤ ነው? ያቺን የኔን ክፍል ልጅ ከሮቦት ክበብ የሚያስወጣው... "በግድየለሽነት ንብረት ሰብራለች።" አቤት አማርኛ! እኔማ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ፣ ፊደል ከማስቆጠር ሌላ ምን አውቃለሁ? እንዲህ የሚጽፍ ሰው ግን በሙጫ ሲለፋ መክረሙ ያሳዝናል።

የክበቡን አስተማሪ ስም አላነሳም። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ሮቦት ሊሠሩ አልነበር? እሳቸው ግን ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብለው ነው መሰለኝ፣ ብቻቸውን አቡክተው ብቻቸውን ጋገሩት። ብሎኑ እንዳይጠፋ ሁሉን በሙጫ አጣብቀው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ፕሮግራሙንስ? ሰሌዳ ላይ ጽፈው በደብተር አስገለበጡ። ኮምፒውተሩ ላይ የአንድ ልጅ ጣት እንኳ አላረፈ፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የት ይገኛል? ፈተናውንማ ሁሉም ከመቶ መቶ።

ለወላጆች ቀን ክራቫቱ እንዴት አምሮባቸው ነበር። ሮቦቱ ሄደ፣ ሄደ... ግድግዳው ጋ ደርሶ ግድግዳውን ይገፋ ጀመር። ምን ያድርግ? የሚያይበት ሴንሰር ወደ ኋላ ዞሮ ተጣብቋል። ወደ ኋላ እያዩ ወደ ፊት መሄድ ከአሳዳጊው ካልወረሰው፣ ሮቦት ከየት ያመጣዋል?

ሃያ ሰባት ልጅ ሲያጨበጭብ እሷ ብቻ "ቲቸር፣ ዓይኑ ዞሯል" ብላ ተንበረከከች። ልታዞረው ስትል ሙጫው አለቅም አለና ሴንሰሩ እጇ ላይ ተሰበረ። በዓመት አንዴ ብትነካ፣ ያውም ልክ ሆና... በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት። ይሄ እንዴት ይታለፋል?

ተይቢው፣ እንጀራሽ ነው። ዳይሬክተሯም ይፈርሙበታል። የልጅ እንባ ቶሎ ይደርቃል ይባል የለ? እኔ ክፍል ውስጥ ግን ይኸው ሦስት ቀኑ፣ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። አንጀቴን በላችው።

ለእሳቸው ግን ክፉ አልመኝም። ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ምናልባት ሲያረጁ ልባቸውን ቢያማቸው እንኳ... ቀዶ የሚያክማቸው ሐኪም ከዚሁ ከክፍላቸው ይውጣላቸው። ምንም ሳይነካ፣ ከሰሌዳ ገልብጦ፣ መቶ ያመጣው።