የወለቀው ጤነኛ ጥርስ

ላምበረት ገና የከተማው ዳር በነበረበት ጊዜ ነው፤ እኔ ቦሌ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ጥርስ ሐኪም ነበርኩ። እትዬ ዘሃራ የሚባሉ፣ ላምበረት ሱቅ ያላቸው የወሎ ሴት፣ ልጃቸውን ሰዓዳን አስከትለው መጡና ከመሐረባቸው አንድ ጥርስ ፈተው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ዳቦ ስበላ ወለቀ፤ አላመመኝም። ይኸው እይ፣ አልተበላም። ባዶው ላይ ወርቅ አድርግልኝ» አሉኝ። እውነትም ጥርሱ እንከን የለውም።

አፋቸውን ሳይ ድዳቸው በኮረዳነታቸው ተነቅሶ ጠቁሯል፤ ታሞ ቢቀላ እንኳ አይታይም። ጎን ያለውን ጥርስ በጣቴ ነካ ሳደርገው ተነቃነቀ። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ወርቁን ምን ላይ ላቁመው?

«እትዬ፣ ጥርስዎን ሲፍቁ ይደማዎታል?»

«ይደማል እንጂ! መጥፎው ደም ነው የሚወጣው። ደም ካላየሁ የፋቅሁም አይመስለኝ።» ኮራ ብለው ነው የነገሩኝ። ንዴት መጣብኝ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን እኔም አላወቅሁም።

የታመመው ጥርሱ ሳይሆን ጥርሱን የያዘው ድድ እንደሆነ፣ ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ እንደማያም፣ ምልክቱም ያው ደሙ እንደነበረ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው።

በሩ አጠገብ የቆመችው ሰዓዳ፣ «እማ፣ የኔም እኮ ይደማል» አለች። «ደግ ነው ስላልሽኝ ነው ዝም ያልኩት።»

እትዬ ዘሃራ ከወንበሩ ወረዱ። ልጃቸውን በክንዷ ይዘው እቦታቸው አስቀመጧትና፣ «የሷን እይልኝ» አሉኝ፤ «የኔን ተወው።»