ያልተመለሰ ሰላምታ

አያ ገዳሙ የሰደበውን ሰው አይረሳም። ሔዋን ፍሥሐ የሰደበችው የካቲት ሃያ ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በሴቶች በዓል፣ ሮብ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ነው። የጎረቤቱ ልጅ፣ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ናት። ማይክ ይዛ የመንደራቸው ሴት ማሬ በባሏ መደብደቧን ከተናገረች በኋላ፣ «አያ ገዳሙ ሽማግሌ አይደሉም፤ የባል ጠበቃ ናቸው!» አለች። ሰው ሳቀ።

ከናቁት ሁለተኛይቱ ራሷ ማሬ ናት። ሦስት ጊዜ ከባሏ ያስታረቃት እርሱ ነበር። የጥቅምት ማርያም ለት «እንደምን አደርሽ?» ቢላት ዘወር ሳትል አለፈች፤ ያውም ሰው እያየ። ስድስተኛ ክፍል የደረሰ፣ ለአገሩ ሁሉ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ይናቃል?

በተከታዩ ግንቦት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ደምለውንና ሚስቱን ሊያስታርቅ ሲወጣ በረዶ ወረደበት። የደምለው ሚስት ጤናዬ ተደብድባ እናቷ ቤት ከገባች ሰንብታለች። ሽማግሌዎቹ ከሚቀመጡበት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትይዩ ካለው ወፍጮ ቤት ክዳን ሥር ሲጠለል፣ ሔዋን ቆማ አገኛት።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ገዳሙ?» ብላ ጎንበስ አለች።

«የባል ጠበቃ ደኅና ነው።»

«ይህን ይሉኛል ብዬ ከዚያ ወዲህ በጓሮ መንገድ ነው የምሄደው።»

«ኧረ! ማይክ ያላት ሰው በጓሮ ትሄዳለች?»

«አጥፍቻለሁ። እርስዎን አዋረድሁ፤ የማሬንም ስም ሳላስፈቅዳት በአደባባይ ጠራሁ። ሴቶቹ አሁን እኔን ሲያዩ ወሬ ያቋርጣሉ። ለተበደሉ ሴቶች በነጻ በምንሟገትበት ቢሮ አስተማሪዬ ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ ‹ለመሆኑ ማሬ ይነገርልኝ ብላሽ ነበር?› አሉኝ። አልጠየቅኋትም! ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አፌን ዘግቼ እንድሰማ ብቻ አስቀመጡኝ መሰለዎ።»

ገዳሙ ደስ አለው። ሲያሰላስል የከረመው መልስ አፉ ላይ መጣ። «ይኸው! እናንተ ታፈርሳላችሁ፤ እኛ ትዳር እንዳይፈታ፣ ልጅ እንዳይበተን እንደክማለን።»

«ሽምግልናውን አልጠላሁም። ባይኖር ስንቱ ደም ይቃባ ነበር። ግን አያ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያስታርቋት ማሬ ምን አለችዎ?»

«ወንድሟ ነዋ የሚናገርላት! ሴት ሽማግሌ ፊት ምን ትቀባጥራለች? ጉልበት ስማ ቤቷ ትገባለች።»

«እንግዲያ ድምፅዋን አልሰሙትም።»

«እንኳን ድምፅዋን፣ ሰላምታዋንም ነፈገችኝ!» አለና የጥቅምት ማርያምን ነገር ከነሰዓቱ ተረከላት።

ሔዋን ወደ እርሱ ዞረች። በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«በየት በኩሏ ነበሩ?»

«በቀኟ።»

«የማሬ ቀኝ ጆሮ አይሰማም፣ አያ። በመጨረሻው ዕርቅ ማግስት ባሏ በጥፊ መታት። አሁንማ አስፈቅጃት ነው የምነግርዎ። ‹አያ ገዳሙ ፊት ነሱኝ፤ ምን አስቀይሜያቸው ይሆን?› እያለች ትጨነቃለች።»

ገዳሙ ግድግዳውን ተደገፈ። ይህን ሁሉ ወር ያዘለው ቂም ባዶ ሆነበት፤ በምትኩ የሚይዘው ነገር አላገኘም። የተናቀበትን ቀን በጥንቃቄ ሲያስቀምጥ፣ ማሬ የተመታችበትን ቀን እንኳ አያውቅም። በብዙዎቻችንም የሚታዘነው በዚህ ነው።

«ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትይ? ሽምግልናውን ልተወው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አይተዉት። አስቀድመው ጤናዬን ለብቻዋ ይጠይቋት። እመለሳለሁ ካለች በምን ዋስ እንደምትመለስ ራሷ ትናገር። አልመለስም ካለችም ሕጉ አይከለክላትም፤ ድርሻዋን ይዛ በሰላም ትለይ። ያኔ ዕርቃችሁ ይጸናል፣ ልጆቿም እናታቸው ስትደበደብ እያዩ አያድጉም፣ የተበደለችም ሴት ሽማግሌ ሲመጣ ከመደበቅ ወጥታ ትቀበላችኋለች። ለማሬ ግን ረፍዷል። የእኔም ይቅርታ፣ የእርስዎም ዕርቅ ጆሮዋን አይመልስላትም።»

በረዶው አባራ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዳላማው የተባለው ሌላው ሽማግሌ ተጣራ፤ «ገዳሙ! ደምለው መጥቷል፣ የጤናዬም ወንድም ደርሷል። አንተን ብቻ ነው የምንጠብቅ!»

ገዳሙ ዱላውን አነሣ። ወደ ደጁ አልተሻገረም፤ ወደ ጤናዬ እናት ቤት የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘ።

«አንተ ገዳሙ! ወዴት ነው? ናቅኸን እንዴ?»

በሁለቱም ጆሮው ሰምቶታል። ግን ሳይመልስለት ሄደ።