የቱምቢ ጃኬት

እዚህ የቆማችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፤ እስከዚህ ድረስ መጥታችሁ ስላልተለያችሁት እግዜር ይስጥልኝ። ፀሐዩ ከባድ ነው። የምናገረውም ከባድ ነው። ጥቂት ታገሱኝ።

እኔ ማጽናናት አልችልበትም። ባለቤቱ ናት «አንተ ተናገር» ያለችኝ። «እኔ እኮ ተናድጃለሁ፤ የምለውን አላውቅም» አልኳት። «ለዚህ ነው አንተን የመረጥኩህ» አለችኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ብዙዎቻችሁ እጄን ይዛችሁ «ምን ይደረጋል፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ብላችሁኛል። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ይቅር በሉኝና አልቀበልም። የዚህ ሰው ቀኑ አልደረሰም። የደረሱት እንግዶች ናቸው። እንግዳ ይመጣል ተብሎ መጋዘን ተጠረገ፤ እሱም አብሮ ተጠረገ። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ዛሬ ካልተነገረ ነገ ሌላ ታሪክ ይነገራል። መነገርም ጀምሯል።

ሥራችንን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። በትልልቅ መጋዘኖች ውስጥ ጭነት የሚደረደርበት፣ እስከ ጣሪያ የሚደርስ የብረት መደርደሪያ አለ። ቋሚው ብረት እግሩ ነው። አግዳሚው ብረት ጭነቱ የሚያርፍበት ነው። ፎርክሊፍት ጭነቱን ከተደረደረበት የእንጨት ርብራብ ጋር አንስቶ እዚያ ላይ ያወጣዋል። ታዲያ ፎርክሊፍቱ ሲዞር አንዳንዴ እግሩን ይገጨዋል። እግሩ ይጎብጣል። የጎበጠ እግር ወዲያው አይወድቅም። ተሸክሞ ይቆማል፤ ሰውም ከሥሩ ይመላለሳል። እኔና እሱ የምንጠራው ያንን እግር ቆርጠን በአዲስ ለመተካት ነው። ወይም መደርደሪያውን ለማስፋት፣ ከላይ ለመቀጠል። እንጀራችን ይህ ነበር።

ምህንድስናውን አንድ ክፍል ተቀምጠን ነው የተማርነው። እኔ ስሌቱን ወደድኩ፣ እሱ ብረቱን። ቱምቢ ያልነውም ያኔ ነው። ግንበኛ የግድግዳን ቀጥታነት የሚያይበት፣ በክር የሚንጠለጠለው ብረት ከኪሱ አይጠፋም ነበር። ለፈተና ስንገባ እንኳ ይዞት ይገባል።

ጨዋ ነበር ብዬ አልዋሽላችሁም። ጯሂ ነበር። ነገረኛ ነበር። አንድ ብሎን ላልቶ ካየ መጋዘኑን በአንድ እግሩ ያቆመው ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እሱ ያለ ምክንያት የጮኸበት ቀን ነበረ? እዚህ ከቆማችሁት መሐል «ያን ቀን በከንቱ ጮኸብኝ» የሚል አለ?

ቤት ሠርቼ የገባሁ ዕለት ከነሚስቱ ጠራሁት። በሩን ከፈትኩ። እንኳን ደስ ያለህ የለ፣ እንዴት አመሻችሁ የለ። የመጻሕፍት መደርደሪያዬን ከሩቅ አየና «ይሄ ሰውዬ ሰክሯል» አለ።

«የቱ ሰውዬ?» አልኩት። እንግዶቼን የሚሰድብ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«መደርደሪያህ ነዋ!»

ቱምቢውን አውጥቶ ክሩን ለቀቀ። እውነትም ዘሟል። እንግዶቼ ገበታ ላይ ተቀምጠው እሱ መጻሕፍቴን ወለል ላይ ይቆልላል። ሚስቱ አፍራ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ቤት ነው ያለነው!» ትለዋለች። እሱ ቀና ሳይል «ሰው ቤት ስለሆነ እኮ ነው። የራሴ ቢሆን ነገ እል ነበር» ይላታል። እሷ ደግሞ ለእንግዶቹ ዞራ «የኛ የኩሽና በር ከገባን ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም» ትላለች። ሳቅን። እየሳቅን እሱ መደርደሪያዬን አቃንቶ ጨረሰ።

በራሱ ቤት ነገ የሚል፣ በሰው ቤት ግን ነገን የማያውቅ ሰው ነው የቀበርነው።

አሁን ወደዚያ መጋዘን ልውሰዳችሁ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ከላይ አንድ ደርብ ጨምሩልኝ፣ ከጎን ደግሞ ረድፍ ቀጥሉልኝ ብለው ጠሩን። ቱምቢ እንደ ልማዱ ወሬውን ትቶ በእጁ መዳፍ እያንዳንዱን እግር እየዳበሰ ሄደ። አንዱ ጋ ቆመ። ሌላውም ጋ ቆመ። እግሮቹ ጎብጠዋል፤ የጎበጡበት ቦታ ላይ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ ገና ያብረቀርቃል።

«ጌታው» አላቸው፣ «የታመመ ሰው ሸሚዝ ስለቀየረ ዳነ ይባላል?»

«ቆሞ የለም እንዴ?» አሉት።

«ቆሟል። ሰካራምም ይቆማል፤ እስኪገፉት ነው።»

እኔ እግሩን ረገጥኩት። ዝም በል ማለቴ ነው። እሱ ግን መች ዝም ይላል! «መጀመሪያ እግሩ ይዳን፣ ከዚያ ደርቡ ይቀጠላል። በታመመ እግር ላይ ሸክም አልጨምርም» አለ። ኃላፊው ፊታቸውን አጠቆሩ። ቢሆንም ተስማሙ። እኛም ክፍል በክፍል ጭነቱን እያስወረድን፣ እግሩን እየቆረጥን፣ በአዲስ መተካት ጀመርን።

እዚህ ላይ የጃኬቱን ነገር መናገር አለብኝ። ፎርክሊፍት ነጂዎች ታውቁታላችሁ። ሌሎቻችሁ ስሙ።

እግሩ ተቆርጦ ሲወጣ መደርደሪያው በጃክ ብቻ ተደግፎ ይቆማል። በዚያ ሰዓት አንድ ካርቶን እንኳ ሊጫንበት አይገባም። ጠጋኙ ደግሞ ከበስተኋላ ተንበርክኮ ነው የሚሠራው። ነጂው ፊቱን የጋረደውን ጭነት እንጂ ከኋላ ያለውን ሰው አያይም። ስለዚህ ገመድ እንዘረጋለን፣ ጽሑፍ እናቆማለን። ግን ጽሑፍ ምን ይሆናል? ሰው ይለምደዋል። ዐይኑ ሥር ቆሞ አያየውም። አንድ ጊዜ ሌላ መጋዘን ውስጥ አንዱ ነጂ ጽሑፋችንን አልፎ ገብቶ ለጥቂት ተረፍን። ቱምቢ ጮኸበት። ከዚያ ጃኬቱን አወለቀና በረድፉ ጫፍ፣ በዐይን ከፍታ፣ አግዳሚው ላይ ሰቀለው።

«ለጽሑፍ የማይራራ ለሰው ልብስ ይራራል» አለ። «ጃኬት ያየ ሰው ባለቤቱ የታለ ይላል። እኔም የምፈልገው ያንን ነው። ባለቤቱ ውስጥ ነው ያለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ሆነ። የቱምቢ ጃኬት የተሰቀለበት ረድፍ አይጫንም። ከራሱ በቀር ማንም አያወርደውም። ነጂዎች ሳይነገራቸው ከሩቅ ጃኬቱን ይፈልጋሉ፤ ካለ ይመለሳሉ፣ ከሌለ ይገባሉ። ብርድ ሲሆን በሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ ይሠራል። ሚስቱ «ብረቱን ብርድ መታው እንዴ፣ ጃኬትህን የምታለብሰው?» ትለው ነበር።

ለዚህ መጋዘን ኃላፊም በመጀመሪያው ቀን ነግሯቸዋል። አጠገቡ ቆሜያለሁ። «ይቺን ጃኬት ካዩ እኔን እንዳዩ ይቁጠሩት» አላቸው። ሳቁ። «ገብቶኛል» አሉ። ገብቶኛል!

በዚያ ቀን ምን ሆነ? ለጉብኝት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። መተላለፊያው ላይ የወረደው ጭነት ተከምሯል። ኃላፊው «ወለሉን አጽዱልኝ፤ ባዶ ቦታ ያለበት ሁሉ ላይ አውጡት» ብለው አዘዙ። እኔ አዲሱን እግር ለማምጣት ወርክሾፕ ሄጃለሁ። ቱምቢ ከበስተኋላ ተንበርክኮ ለአዲሱ እግር ማሰሪያ ወለሉን ይሰረስራል፤ የመሰርሰሪያው ጩኸት ጆሮውን ይዞታል። ኃላፊው በረድፉ ጫፍ ሲያልፉ ገመዱን አዩ። ጽሑፉን አዩ። ጃኬቱን አዩ። እና ምን አሉ?

«ይሄን ቡትቶ አንሱልኝ።»

ገመዱ ተጠቀለለ። ጽሑፉ ግድግዳ ተደገፈ። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሥራ ከጀመረች ገና ያልሰነበተችው፣ ጃኬቱን አወረደች። አቧራውን አራገፈች። የሰው ነገር የምታከብር ሴት ናትና አጣጥፋ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ትናንት ልቅሶ ቤት መጥታ «ደግ የሠራሁ መስሎኝ» እያለች መሬት ላይ ተንከባለለች። አንቺ እህቴ፣ የት ነሽ? አንቺ ምንም አላጠፋሽም። የነገረሽ አልነበረም። የሚያውቀው ሰው አዘዘሽ፤ የማታውቂው አንቺ ታዘዝሽ።

ከዚያ ነጂው ጭነት ይዞ መጣ። እንደ ልማዱ ከሩቅ ጃኬቱን ፈለገ። የለም። አንዴ አይደለም፣ ቆሞ ፈለገ። የመሰርሰሪያውን ድምፅ የገዛ ሞተሩ ጩኸት ውጦበታል። ሌሎቹ አይተውታል። ጃኬቱ የለም፤ ስለዚህ ቱምቢ ሥራውን ጨርሷል። እንዲያ ብሎ አሰበ። ሌላ ምን ሊያስብ ይችል ነበር? ጭነቱን አወጣው።

የቀረውን አልናገርም። ሚስቱ እዚህ አለች።

ስመለስ ጃኬቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ወንበር ላይ። እጅጌው ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ክርኑ ላይ ሚስቱ የለጠፈችው እራፊ ወደ ላይ ሆኖ። ኪሱ ውስጥ ጠመኔና ቱምቢው።

አሁን የምናደድበትን ልንገራችሁ። ሞቱ ብቻ አይደለም። ሬሳው ሆስፒታል እያለ፣ ኃላፊው በር ላይ ቆመው ለቤተሰቡ ምን አሉ? «ሟች የማስጠንቀቂያ ምልክት ሳያደርግ ገባ።» የእሱ ጥንቃቄ ጉድለት ነው ተባለ። በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ? እሱ ጥንቃቄ የጎደለው! የሰው ቤት ገበታ ትቶ የሰው መደርደሪያ የሚያቃናው ሰው!

ጌታዬ፣ እዚያ መኪናዎ አጠገብ የቆሙት። በትሕትና ነው የምጠይቅዎ። ምልክት አላደረገም ብለዋል። እንግዲያው «ቡትቶ» ያሉት ምን ነበር? ያልተሰቀለ ነገር ይወርዳል? እኛ ሙት ወቃሽ መሆን እንፈራለን። ክፉ ሰው ሲሞት እንኳ አፋችንን እንይዛለን። እርስዎ ይህን ሰው ገና ሳይገነዝ ወቀሱት። በሰው ፊት የተናገሩትን በሰው ፊት ይመልሱ። ልጆቹ «አባታችሁ በራሱ ስንፍና ነው የሞተው» እየተባሉ አያድጉም። እኔ በሕይወት እያለሁ አያድጉም።

ሌላም አለ። ያልነካናቸው ረድፎች አሁንም ተጭነው ቆመዋል። እግራቸው ያው ነው፤ ቀለም የተቀባው። ነገ ጠዋት ሥራ ይቀጥላል ተብሏል። ነገ ጠዋት እኮ የሚገቡት እነዚህ እዚህ የቆሙ ሰዎች ናቸው። ቀብር ቆመው ሲያለቅሱ ያያችኋቸው። ለየትኛቸው ነው ደግሞ እንዲህ የምንሰበሰበው? ልመርጥ? እናንተ ትመርጣላችሁ?

ጃኬቱ ይኸው።

ትናንት ሚስቱ አብሮት ይቀበር ብላኝ ነበር። እኔም እሺ አልኩ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ራሷ ተነስታ አምጥታ ሰጠችኝ። «እሱ ብርዱን ለምዶታል» አለችኝ። «ለነሱ ስጣቸው።»

አንተ ነጂው። ከሰው ኋላ አትደበቅ፣ አይቼሃለሁ። ና። አታልቅስ አልልህም። እያለቀስክ ና። መንገድ ልቀቁለት።

ያዝ። በሁለት እጅህ ያዘው። ሰምተሃል ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። አንተ ጃኬቱን ፈልገሃል። እሱ ካንተ የሚፈልገው ያንን ብቻ ነበር። ነገ ጠዋት ማንም ሳይገባ በመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ፣ በዐይን ከፍታ ስቀለው። ጭነቱ ሁሉ ወርዶ፣ እግሩ ሁሉ ተዳብሶ እስኪያልቅ አይወርድም። ነጂዎች፣ ሰማችሁ? ጃኬቱ ካለ ምን ታደርጋላችሁ?

እንዲያ ነው፤ ትመለሳላችሁ። ድምፃችሁን ስሙት፤ እሱም ቢሆን ከዚህ አብልጦ አይጮህም።

«ይሄ ቡትቶ የማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ከመጣም አትጣሉት። «ባለቤቱ የት ነው?» ካላችሁ ወደዚህ ላኩት።

አሁን ለአንተ ልመለስ፣ ቱምቢ።

የኩሽናህን በር እኔ አቃናዋለሁ። ከዚህ ስንመለስ፣ ዛሬውኑ። ለእኔ የሰው ቤት ነውና ነገ አልልም።

ለሞተ ሰው አፈሩ ይቅለልህ ይባላል። ለሌላው ሰው ወግ ነው። አንተ ግን ክብደት የምታውቅ ሰው ነህ፤ ያለ ልክ የተጫነ ነገር ምን እንደሚያደርግ ከሁላችን በላይ አንተ አይተሃል። ስለዚህ ለወግ አልልህም፤ ከአንጀቴ ነው። አፈሩ ይቅለልህ።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ። ብርዱን ቻለው። ጃኬትህ ሥራ ላይ ነው።