ሜልኒኮችን የቆጠሩት ወይዘሮ ይመኙሻል ወልደየስ

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ ከአምስተርዳምና ከዴንሃግ በጠዋት ባቡር ተነሥታችሁ እዚህ ሮተርዳም ድረስ የመጣችሁ፣ እንዲሁም በዚህ ከተማ ሆናችሁ ሦስት ቀን ሙሉ ከልቅሶ ቤት ያልተለያችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የወይዘሮ ይመኙሻል ወልደየስን ዜና ሕይወት ልጃቸው ሳያት ጽፋዋለች፤ የብዙ ዘመን ጎረቤታቸው አቶ ሓጎስ ደግሞ ያነቡላችኋል።

ወይዘሮ ይመኙሻል ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ብሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበባይሽ አየለ በኅዳር ወር 1950 ዓ.ም. በጎጃም፣ በሞጣ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአውራጃው ፍርድ ቤት የመዝገብ ጸሐፊ ቢሆኑም በአገሩ የታወቁት በዘር ቆጠራ ነበር፤ ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው ሁሉ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እሳቸው ዘንድ እየመጣ የሁለቱን ወገን አያትና ቅድመ አያት እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥር ስለ ነበር፣ ወይዘሮ ይመኙሻል ገና በሕፃንነታቸው ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው እገሌ እገሌን ወለደ ሲባል እየሰሙ አደጉ። አንድ ጊዜ ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ተጥሎ ካለቀ በኋላ ሙሽሮቹ በስድስተኛው ቤት ላይ ዘመድ ሆነው በመገኘታቸው ሠርጉ ሲፈርስ፣ ሙሽራዪቱም በሽማግሌዎቹ ፊት ስታለቅስ በዓይናቸው አይተው ኖሮ፣ ይህን ነገር እስከ ዕርጅናቸው ድረስ ሳይረሱ ይናገሩት ነበር።

የመጀመሪያና የመለስተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሞጣ አጠናቀው፣ ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በጨርቃ ጨርቅ ሙያ ከተመረቁ በኋላ በዚያው ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመና ክፍል ለአምስት ዓመታት ሠሩ። አብረዋቸው የሠሩ እንደሚመሰክሩት የማሽኑ ድምፅ ጥቂት ሲለወጥ ክሩ ሳይበጠስ በፊት የሚበጠስበትን ቦታ ያውቁ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሶቪየት ኅብረት በመሄድ በኢቫኖቮ ከተማ ትምህርታቸውን ሲቀጥሉ፣ በተግባር ልምምድ ላይ ከአቶ ፓቬል ሜልኒክ ጋር ተዋወቁ።

አቶ ፓቬል የሽመና ማሽን ጠጋኝ፣ ጨዋታ አዋቂና ጨዋ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ገና በሁለት ዓመታቸው ቤላሩስ ውስጥ ወደሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ ገብተው ያደጉ በመሆናቸው ከስማቸው በስተቀር ዘመድ የሚሉት አንዳች ነገር አልነበራቸውም። ሜልኒክ ማለት በእነሱ ቋንቋ ባለ ወፍጮ ማለት ሲሆን፣ እንደ እኛ የአባት ስም በየትውልዱ የሚለወጥ ሳይሆን ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ ስም ነው። ስለዚህ አቶ ፓቬል ይህን ስም የያዘ የታወቀ ሰው በጋዜጣ ላይ ባዩ ቁጥር ቆርጠው በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ይለጥፉ ነበር። በደብተሩ ላይ የቼዝ ሊቅ፣ በወፍራም ድምፁ የታወቀ ዘፋኝ፣ በሳይቤሪያ ድልድይ የሠራ መሐንዲስ፣ የበረዶ ሆኪ ግብ ጠባቂ፣ ጥንዚዛ ብቻ ሲያጠና ፀጉሩ የሸበተ ምሁርም ነበሩበት። «እናንተ ዘመዶቻችሁን በሠርግና በልቅሶ ታገኛላችሁ፤ እኔ ጋዜጣ ስገዛ አገኛለሁ» እያሉ ይቀልዱ እንደ ነበር ወይዘሮ ይመኙሻል ያወሱ ነበር።

የጋብቻቸው ወሬ ሞጣ በደረሰ ጊዜ አቶ ወልደየስ በደብዳቤ የጠየቁት ከሃይማኖቱ ቀጥሎ «ሰባት ቤቱን ቆጥረሻል ወይ?» የሚል ነበር። ልጃቸውም «አባዬ፣ የሞጣንና የቤላሩስን ሰው ምን ያገናኘዋል?» ብለው ቢመልሱላቸው፣ አባታቸው መርቀው ሲያበቁ «የአንቺስ ይሁን፤ ስትወልጂ ግን የልጁን ወገን ሳትቆጥሪ እንዳትድሪ አደራ» ብለው ጻፉ። ወይዘሮ ይመኙሻል አባታቸውን በሕይወት ዳግመኛ ስላላዩአቸው ይህ አደራ የመጨረሻ ቃላቸው ሆኖ ቀረ። በ1977 ዓ.ም. ልጃቸውን ሳያትን ወለዱ።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1991 አቶ ፓቬል በሳንባ ሕመም ሲያርፉና አገሩም ሲፈርስ፣ ፋብሪካውም በሩን ሲዘጋ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል የሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ ኔዘርላንድ መጡ። በስደተኞች መጠለያ ሁለት ክረምት ካሳለፉ በኋላ በሮተርዳም፣ በዴልፍስሃቨን ሠፈር ቤት ተሰጣቸው፤ አቶ ሓጎስን ያወቁትም በዚያው ሕንፃ ደረጃ ላይ ነው። ዲፕሎማቸው ስላልታወቀላቸው መጀመሪያ በጽዳት፣ በኋላም ለሃያ አንድ ዓመታት አረጋውያንን በየቤታቸው በመንከባከብ ሠሩ። የቤተ ክርስቲያናችንን መጋረጃና የካህናቱን አልባሳት የሰፉትና ያደሱት እሳቸው ሲሆኑ፣ ስፌቱን ለመመስገን ሲሉ ስላልሠሩት ብዙዎቻችን የማን እጅ እንደ ሆነ ሳናውቅ ኖረናል። ሳያት በትምህርት ቤት ስለ አጎትና አክስት ተጠይቃ አዝና በመጣች ቀን ሰማያዊውን ደብተር አውጥተው «እነሆ አጎቶችሽ!» አሏት፤ ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አዲስ ሜልኒክ ሲያገኙ እየቆረጡ መለጠፍ ልማዳቸው ሆነ።

ሳያት አድጋ፣ ተምራ፣ በዴንሃግ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ይዛ ሳለች፣ በ2007 ዓ.ም. የጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራ ስትጠብቅ የሐኪሙ ረዳት «ሜልኒክ!» ብላ ስትጣራ ሁለት ሰዎች ብድግ አሉ። ሁለተኛው ከፖላንድ የመጣው የሊፍት ቴክኒሻን ሚሮን ነበር። በዓመቱ ወደ እናቷ ቤት ይዛው በመጣች ጊዜ ወይዘሮ ይመኙሻል በደስታ ተቀብለው፣ በሩሲያኛ አጫውተው፣ ሁለት ጊዜ አጉርሰው፣ ሦስተኛውን ሊያጎርሱ ሲሉ ስሙን ሙሉ አድርጎ ቢነግራቸው ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱት።

«ልጄ፣ አባትሽ ዘመዱን ሳያውቅ ነው የሞተው» አሉ፤ «ይህ ልጅ የአጎትሽ ልጅ ቢሆንስ?»

«ማማ፣ ሜልኒክ እኮ እዚያ አገር፣ እዚህ ዴ ቭሪስ እንደሚባለው፣ የትም የሚገኝ ስም ነው። በየመንደሩ ወፍጮ አለ!»

«በየመንደሩ ይኑር። የአባትሽ መንደር የትኛው እንደ ሆነ ንገሪኝና ዝም እላለሁ።»

ሳያት «አንቺ ዛሬም ከሞጣ አልወጣሽም» ብላ ተነሣች። ይህን ቃል ስትናገር እናቷ የአያቷን አደራ ተሸክመው እንደሚኖሩ ሳታውቅ ሳይሆን እያወቀች ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጸደይ ከሚሮን ጋር በዴንሃግ ማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ሮተርዳም አጠገብ ባለችው ካፔለ አን ደን አይሰል ቤት ይዘው ገቡ፤ ወይዘሮ ይመኙሻልም ልጃቸው ሚስት መሆኗን ከሰው ሰሙ። ከዚያ በኋላ ስልክ ቢደውሉ አታነሣም፤ በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ልጇ ሩሐማ ስትወለድም አልተነገራቸውም።

እሳቸው ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከደብተሩ ላይ በሕይወት ላሉት ሜልኒኮች ሁሉ፣ ለሞቱትም ለልጆቻቸው፣ በጥሩ የሩሲያኛ እጅ ጽሑፍ «ባለቤቴ ፓቬል የእናንተ ወገን ይሆን?» እያሉ ይጽፉ ጀመር። ፖስታ ቤት የሚመላለሱላቸው አቶ ሓጎስ «ወይዘሮ ይመኙሻል፣ እርስዎ የስላቭን ሕዝብ ቆጥረው ሳይጨርሱ የእኔ ዕድሜ ማለቁ ነው» ሲሏቸው፣ «አርፈው ቴምብሩን ይለጥፉ» ይሏቸው ነበር። ዘፋኙ አድናቂው መስለውት ፊርማውን ያኖረበትን ፎቶግራፍ ላከ። ድልድይ ሠሪው ስለ ቁርጥማቱ አራት ገጽ ጻፈ። የቼዝ ሊቁ ልጅ አባቷ ማረፋቸውን ነግራ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስለ ደረሳት ግን ማመስገኗን ገለጸች። የጥንዚዛው ምሁር ባለቤት ግን ቀድሞ በመዝገብ ቤት ትሠራ የነበረች ሴት ሆና ተገኘች፤ በራሷ ፈቃድ ማሳደጊያው ወደ ነበረበት አውራጃ ሄዳ የአቶ ፓቬልን ፋይል ከነትውልድ መንደራቸው አገኘችላቸው። ወይዘሮ ይመኙሻል በዚያው ሰሞን በሌላ በኩል አፈላልገው ለሚሮን እናት ጽፈው ኖሮ፣ እሳቸውም የልጃቸውን ወገን ከአጥቢያቸው መዝገብ አስቆጥረው ላኩ። በፖስታው ውስጥ የሩሐማ ፎቶግራፍም ነበረበት፤ አያትየዋ የልጅ ልጃቸውን መልክ ያዩት በዚህ መንገድ ነው።

ቆጠራው እስከ አምስት ቤት ደረሰ፤ ሁለቱ ወገን በአንዱም ላይ አልተገናኘም። ስድስተኛውና ሰባተኛው ግን በአቶ ፓቬል ወገን ከተቃጠለ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ጋር ጠፍተው ነበር። ወይዘሮ ይመኙሻል ወረቀቱን ይዘው የንስሐ አባታቸው ዘንድ ቀረቡ፤ አባም «የሰው ልጅ የሚችለውን ቆጥረዋል፤ የቀረውን ለእግዚአብሔር ይተዉለት» አሏቸው። ጎዶሎ ቆጠራ ይዞ መመረቅ በአባታቸው ቤት ያልታየ ነገር ስለ ነበር ሱባኤ ገብተው ሰነበቱ፤ ሱባኤውን ሲጨርሱ የሳያትንና የሚሮንን ትዳር መረቁ።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ ይመኙሻል አቶ ሓጎስን፣ አቶ ኡራኤልንና አቶ ሮብኤልን ሽማግሌ አድርገው ድፎ ዳቦ አስይዘው ወደ ካፔለ ላኩ። የሴት ልጅ እናት ወደ ገዛ ልጇ ሽማግሌ ስትልክ ያየ ሰው ካለ ጥቂት ነው። ሽማግሌዎቹ የያዙት መልእክት ምርቃትና «የልጅ ልጄን አሳዩኝ» የሚል ልመና ነበር። ሳያት ግን በበሩ ካሜራ ነጠላ የለበሱ ሦስት አረጋውያን ዝናብ ላይ ቆመው ስታይ ትዳሯን ሊያፈርሱ የመጡ መሰላት። ሩሐማ ድምፅ እንዳታሰማ ጡት አጉርሳ፣ መብራቱን አጥፍታ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ከሩብ ሰዓት በላይ እየደወሉ ቆመው፣ ዳቦውን በበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥለው ተመለሱ፤ እሷም እስከ ማግሥቱ አላነሣችውም። አቶ ሓጎስ ለእናትየው «ቤት የሉም» አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወይዘሮ ይመኙሻል በስልሳ አንድ ዓመታቸው ብቻቸውን በሜትሮ መጡ። ደውለው ሰማያዊውን ደብተር ወደ ካሜራው ከፍ አደረጉና «የአባትሽን ዘመዶች ቆጥሬ መጣሁ። ክፈቺ፣ እግሬ በርዷል» አሉ። በሩ ተከፈተ። ወደ ውስጥ ሲገቡ ከልጃቸው በፊት ሚሮንን ስመው ያቋረጡትን ጉርሻ ለማጉረስ እንጀራ ጠየቁ፤ ስላልነበረ በቺዝና በዳቦ አጎረሱት። ስለ ሽማግሌዎቹ አንድም ቃል አልጠየቁም፤ ሳያትም አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰባት ዓመታት በየቅዳሜው እየመጡ ሩሐማን ፊደል አስቆጠሩ፤ ሩሐማ «አንቺ» ስትላቸው «እርስዎ በይ» እያሉ ቢያርሙም እሺ ስላላለቻቸው ኋላ ራሳቸው ተውት።

ወይዘሮ ይመኙሻል ላለፉት ሦስት ዓመታት በልብ ድካም ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ዘንድሮ ከገና በኋላ ሕመሙ ስለ ጠናባቸው ሆስፒታል ገቡ። ከማረፋቸው ከአራት ቀን በፊት፣ በቀትር፣ ሳያት አልጋቸው አጠገብ ተንበርክካ ያን የዝናብ ቀን ቤት ውስጥ እንደ ነበረች ነገረቻቸው። እሳቸውም እጃቸውን በራሷ ላይ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«አውቃለሁ። አቶ ሓጎስ ውሸት መቼ ይችሉበታል? ኮታቸው እየተንጠባጠበ መሬት መሬት እያዩ ነው የነገሩኝ። የእኔንማ በሩን ስትከፍቺልኝ ጨረስሽ። ዝናብ ላይ ያቆምሻቸው እነሱን ነው፤ እነሱን ጠይቂ። ብቻ በጓዳ እንዳይሆን፤ ልቅሶዬ ላይ ሰው ይበዛል።»

ስለዚህ ሳያት እናቷ ባዘዟት መሠረት፣ በዚህ ጉባኤ ፊት፣ ምርቃት ይዘው መጥተው ደጅ ያስቀረቻቸውን አቶ ሓጎስን፣ አቶ ኡራኤልንና አቶ ሮብኤልን ይቅርታ ትለምናለች። በር የዘጋችው ባለማወቅ ቢሆንም ሰባት ዓመት ዝም ያለችው ግን እያወቀች መሆኑንም አትሸሽግም። አቶ ሓጎስ በትሕትናቸው ይህን አንቀጽ ዘልለው እንዳያልፉት በመሥጋት አቶ ኡራኤል አጠገባቸው ቆመው ወረቀቱን አብረው እንዲከታተሉ ተደርጓል።

ወይዘሮ ይመኙሻል ወልደየስ በጥር ወር 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ስማቸው በዚህ ቅደም ተከተል እንዲነበብ ራሳቸው እንዳዘዙት፣ ልጃቸውን ሚሮን ሜልኒክን፣ ልጃቸውን ሳያት ሜልኒክን፣ የልጅ ልጃቸውን ሩሐማን፣ በሞጣ የሚኖሩ ሁለት ወንድሞቻቸውንና አንዲት እኅታቸውን፣ በፖላንድ ያሉትን የሚሮንን እናት፣ እንዲሁም በደም ሳይዛመዷቸውና በአካል ሳያዩአቸው ትናንትና ከትናንት በስቲያ የሐዘን ቃል የላኩላቸውን አምስት ሜልኒኮች ትተው አልፈዋል።

የሁላችንንም ዘር ሳይጎድልበት እስከ መጨረሻው የሚያውቅ አምላክ የእናታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ወገን ይቁጠርልን፤ ደጃፉንም ሳያስጠብቅ ይክፈትላቸው። ለእኛም በሕይወት ሳለን ይቅር የምንባባልበትን ቀን አያሳጣን። አሜን።