በበርበሬ ላይ የሚተኛው ሙአዚን

በ1972 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጋሽ ሸሪፍ በቅሏቸውን እየሳቡ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሰሊሃ ከኋላ ይከተላሉ። ጋሽ ሸሪፍ በርበሬ ሸጠው ከደብረ ብርሃን ሲመለሱ አንኮበር ላይ ከተገናኙ ጀምሮ ባልና ሚስቱ ተኳርፈዋል። የኩርፊያው ምክንያት በጋሽ ሸሪፍ የኮት ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን የተገዛ አንድ ጥቅል የቁስል ፕላስተር።

ጋሽ ሸሪፍ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። የሚኮሩት ግን በንግዳቸው ሳይሆን በአዛናቸው ነው። ሙአዚንነቱን ከአባታቸው ተቀብለው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንደሩን ሰው ለሱብሒ ሶላት የቀሰቀሱት እሳቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ታዲያ ጎሕ ሲቀድ ጉሮሯቸው ደርቆ ይነሣሉ። የመጀመሪያው «አላሁ አክበር» እንደ ምንም ይወጣል፤ ሁለተኛው ጉሮሮ ላይ ተሰንጥቆ ይቀራል። ቀትር ላይ ድምፁ ይመለሳል፣ ሲነጋ ደግሞ ይጠፋል። የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ እንዲዋሱ የመከራቸው ሰው ነበር። «የተሰነጠቀ ድምፅ ቢያጎሉት የሚጎላው ስንጥቁ ነው» ብለው መለሱለት። በመጨረሻ የመስጊዱ ሽማግሌዎች በአክብሮት አስጠርተው፣ እስከ ረመዳን ካልተሻላቸው አዛኑን ለወጣቱ ለያሕያ እንዲለቁ ነገሯቸው። ለረመዳን የቀረው አምስት ሳምንት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ሸሪፍን እህል አልበላ ብሏቸዋል።

ደብረ ብርሃን ላይ ያገኙት የጭነት መኪና ሾፌር ነው መላ ያመጣው። «ጉሮሮ የሚያደርቀው አፍ ከፍቶ መተኛት ነው። አፍዎን በፕላስተር ለጥፈው ይተኙ፤ በሳምንቱ እንደ ጎረምሳ ይጮኻሉ» አላቸው። የጨነቀው ሰው ምክር አያኝክም፣ ይውጣል። ጋሽ ሸሪፍም ከሾፌሩ እንደተለዩ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት ሄዱ።

ከቁልቁለቱ አጋማሽ ካለችው ምንጭ ሲደርሱ አንዲት ወጣት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታርፍ አገኙ። አፊፋ ነበረች፤ የሟቹ ወዳጃቸው ልጅ። ደብረ ብርሃን ተምራ በጤና ረዳትነት ከሠለጠነች በኋላ አንኮበር ተመድባለች። የዕረፍት ቀኗን ከእናቷ ጋር ልታሳልፍ ወደ መንደሯ መውረዷ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፤ ጋሽ ሸሪፍ፣ እትዬ ሰሊሃ፣ እንደምን ዋላችሁ?» አለች ከተቀመጠችበት ተነሥታ።

«ወአለይኩም ሰላም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሸሪፍ። የእናቷን ደህንነት ሊጠይቁ ሲሉ እትዬ ሰሊሃ ቀደሟቸው።

«አላህ ነው ያገናኘን። እኚህን ሰው ዳኚልኝ፣ አፊፋ። ሳይሞቱ አገጫቸውን ሊያስሩ ነው!»

ጋሽ ሸሪፍ አፈሩ። የቤት ጠብ ምንጭ ዳር እንዲዘረገፍ አልፈለጉም ነበር። ቢሆንም ፕላስተሩን አውጥተው፣ የጉሮሯቸውንም የሾፌሩንም ነገር አንድ በአንድ አጫወቷት። አፊፋ ሳትስቅ ሰማቻቸው። ከዚያ ወደ እትዬ ሰሊሃ ዞረች።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔ ምን እላለሁ? አፉ የሚታሰር ሬሳ ነው። አባቴ ሲያርፍ አገጩን በጨርቅ ሲያስሩት አጠገቡ ነበርኩ። እሳቸው የሚያድሩት መጋዘን ነው፣ እኔ ቤት። ማንኮራፋታቸው ግድግዳ አልፎ ይመጣል። ሌላው ሰው ይማረርበታል፤ እኔ ግን እሱን ስሰማ ነው በሕይወት አሉ ብዬ እንቅልፍ የሚወስደኝ። አፋቸውን ለጥፈው ዝም ቢሉ በምን አውቃለሁ?»

ይህን ጋሽ ሸሪፍ ከሚስታቸው አፍ ሰምተው አያውቁም። ወደ በቅሏቸው ዞረው ያልላላውን መጫኛ አጠበቁ።

«እትዬ ሰሊሃ፣ ማንኮራፋታቸው በመሐል ይቋረጣል? ትንፋሽ ጠፍቶ ይቆይና እንደ ታነቀ ሰው ይባንናሉ?»

«የለም። እንደ ወፍጮ ነው፤ አንዴ ከተነሣ አያቋርጥም።»

«ደግ ነው። የሚቋረጥ ቢሆን ዛሬውኑ ወደ ሐኪም እልካቸው ነበር። ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው አፉን ለመለጠፍ ማሰብም የለበትም። ጋሽ ሸሪፍ፣ ሾፌሩም ጨርሶ አልተሳሳተም። አፍንጫ አየሩን ያጣራል፣ ያሞቃል፣ ያረጥባል። አፍ ይህን ሥራ አያውቅበትም። አፉን ከፍቶ ያደረ ሰው ጉሮሮው ይደርቃል፣ ያንኮራፋል፣ ጥርሱም ሳይቀር ይጎዳል።»

«ሰማሽ?» አሉ ጋሽ ሸሪፍ ፕላስተሩን ለሚስታቸው ከፍ አድርገው እያሳዩ።

«ይቆዩኝማ፣ ጋሽ ሸሪፍ። ሾፌሩ አንድ ነገር ሳይጠይቅዎ ቀርቷል። አፍዎ ለምን ይከፈታል?»

«እንቅልፍ ነዋ!»

«እንግዲያው አሁን፣ ነቅተው ሳሉ፣ አፍዎን ግጥም አድርገው በአፍንጫ ብቻ ይተንፍሱልኝ። ፋቲሓን በልብዎ አንብበው እስኪጨርሱ።»

ጋሽ ሸሪፍ የልጅ ጨዋታ መሰላቸው። አፋቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጀመሩ። ጥቂት ቆይቶ ፊታቸው ቀላ። ቀጥሎ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ወዲያው አፋቸው ተከፈተና አየር ጎተቱ።

«ጨረሱ?» አለች አፊፋ።

«ከሰባቱ ገና ሦስተኛው አያ ላይ ነኝ» አሉ። ሌላ ነገር ቢሆን ጨርሻለሁ ባሉ ነበር፤ በፋቲሓ ግን አይዋሽም።

«አዩ፣ አሁን በቀን፣ በገዛ ፈቃድዎ አፍዎን ከፈቱት። ተኝተው ሳለ ፕላስተሩ ቢከለክልዎስ?»

ጋሽ ሸሪፍ እጃቸው ላይ ያለውን ጥቅል አዩት። እትዬ ሰሊሃ ያሸነፈ ሰው እንደሚያደርገው «አላልኩም?» አላሉም፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«አፍንጫዎ ከታፈነ ቆይቷል። ምን ይሆን ያፈነው? መጋዘን ነው የሚያድሩት አሉኝ፤ ምን ላይ ነው የሚተኙት?»

«በርበሬው ላይ ነዋ። ጆንያውን ደልድዬ፣ ቁርበት አንጥፌ።»

«እዚያ አቧራ ውስጥ?»

«አቧራ አትበዪው፣ ልጄ፤ እንጀራዬ ነው! ደግሞስ በርበሬ እኔን ምን ያደርገኛል? እንግዳ ሰው መጋዘኔ ሲገባ ሲያስነጥስ ይሞታል። እኔን አንድ ቀን አስነጥሶኝ አያውቅም።»

«የማያስነጥስዎ ወደ ውስጥ መግቢያ ስላጣ እንዳይሆን እፈራለሁ። ለሶላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉስ? ውሃውን በአፍንጫዎ በደንብ ይስቡታል?»

ጋሽ ሸሪፍ አመነቱ። «ያቃጥለኛል። ጫፉን ብቻ ነካ አደርጋለሁ።»

«ንጹሕ ውሃ ያቃጥላል እንዴ? እጅዎ ነው እንጂ! በርበሬ ሲያገላብጥ በዋለ እጅ ውሃ ዘግነው ወደ አፍንጫዎ ያስገባሉ።»

እዚህ ላይ እትዬ ሰሊሃ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጋሽ ሸሪፍም ሊቆጡ ፈልገው አልሆነላቸውም። ሆኖም የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ ልማድ በአንድ ሳቅ አይለቅም። ጋሽ ሸሪፍ ክርክራቸውን እንደገና አነሡት።

«ነገርሽን ሰማሁ። ግን መጋዘን የምተኛው መኝታ አጥቼ አይደለም። በርበሬ እርጥበት ሲነካው ሽታው ይለወጣል። ባለቤቱ እላዩ ከተኛ በእንቅልፉም ቢሆን ይሸተዋል፤ ሳይዛመት ይደርስበታል። አባቴ እንዲህ ነበር፤ አያቴም። እኔ ቤቴ ገብቼ ልተኛ፣ በርበሬውን ማን ያሸትልኝ?»

አፊፋን ቀድመው እትዬ ሰሊሃ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ባለፈው ክረምት ሁለት ጆንያ ሲሻግት ያሸተትኩት እኔ ነኝ፤ ከደጅ ቆሜ። አንቱ እላዩ ላይ ተኝተው ነበር።»

ጋሽ ሸሪፍ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ይህን ነገር ረስተውት አልነበረም፤ በዚያ ዓይን አይተውት አያውቁም እንጂ። ለካ ዘብ ያቆሙት አፍንጫ ከሥራው ከወጣ ቆይቷል። አባታቸውን አሰቡ፤ በእርጅናቸው ጊዜ ድምፃቸው ሰልሎ አዛኑን ለልጃቸው ሲያስረክቡ «ዕድሜ ነው» ብለው እንደነበር ትዝ አላቸው። ምናልባት ዕድሜ አልነበረም።

«ሞቷል ማለት ነው፣ አፊፋ?» አሉ አፍንጫቸውን በጣታቸው ነክተው።

«የታፈነ እንጂ የሞተ አይመስለኝም። ግን አልምልም። ዛሬውኑ መኝታዎን ከመጋዘን ያውጡ። ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርገው በርብራብ ላይ ይደርድሩት፤ በግድግዳው ላይ ነፋስ የሚያሳልፍ መስኮት ያስከፍቱ፤ እርጥበቱ ያኔ ይቀንሳል። ማሽተቱን ለእትዬ ሰሊሃ ይተዉላቸው። ከሥራ ሲወጡ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ልብስዎን ይለውጡ። አፍንጫዎንም ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ፣ ጨው ጣል አድርገውበት ጠዋትና ማታ ይጠቡት። በአንድ ወር ካልተከፈተ ሐኪም ይየው።»

«ከተከፈተ በኋላስ ልለጥፈው?»

«ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የሚያስተማምን ማስረጃ አላየሁበትም። አፍንጫው የታፈነ፣ ጉንፋን የያዘው፣ የሚያስመልሰው፣ በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው፣ ሕፃንም፣ እነዚህ ፈጽሞ አይሞክሩትም። ጤነኛ ሰው ልሞክር ቢል እንኳ አፉን ሙሉ አይሸፍንም። ከከንፈሩ መሐል አንዲት ቀጭን ቁራጭ፣ ስትነካ የምትላቀቅ፣ ያውም ሰው አጠገቡ እያለ። አፍንጫ ከተከፈተ ግን አፍ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገጥማል።»

ጋሽ ሸሪፍ ፕላስተሩን ለአፊፋ ሰጧት። «ቁስለኛ አታጪም» አሏት። ከዚያ ተነሥተው በቅሏቸውን ሳቡ። በቀረው መንገድ ባልና ሚስቱ ርብራቡ ከምን እንጨት እንደሚሠራ እየተከራከሩ ወረዱ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ጋሽ ሸሪፍ በሁለተኛው ቀን ማስነጠስ ጀመሩና ሦስት ቀን ሙሉ አላቆሙም። «ይኸው፣ ታመምኩላችሁ!» ብለው ወደ ቁርበታቸው ሊመለሱም ቃጥቷቸው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ደጃቸው ላይ የሚያልፍ ሰው የያዘው ሎሚ ሸተታቸው። ሰውየውን ጠርተው ሎሚውን ደጋግመው አሸተቱበት፤ ሰውየውም ሊገዙ መስሎት ዋጋ ጠራ።

በሐምሌ ጉም የመጀመሪያው የረመዳን ሱብሒ ደረሰ። ያሕያ ምናልባት ብሎ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ጋሽ ሸሪፍ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አነሡ። የመጀመሪያው «አላሁ አክበር» ወጣ። ሁለተኛው ተከትሎ ወጣ፤ ሳይሰነጠቅ ገደሉን ተሻገረ። ያሕያ ጫማውን አውልቆ ወደ ውስጥ ገባ፤ እሱም ደስ ብሎት ነበር። በዚያ ክረምት ከርብራቡ ላይ አንድም ጆንያ አልሻገተም። መንደሩ ውስጥ ሦስት በርበሬ ነጋዴዎች ይህን አይተው መኝታቸውን ከመጋዘን አወጡ።

ማንኮራፋቱም ቀረ። ይህ ግን እትዬ ሰሊሃን አልተመቻቸውም። ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ጋሽ ሸሪፍ ለአዛን ሊነሡ ሲሉ፣ አንዲት ጣት በጨለማው መጥታ ከአፍንጫቸው ሥር ትቆማለች። ትንፋሻቸው እስኪነካት ትጠብቅና ቀስ ብላ ትመለሳለች። ጋሽ ሸሪፍ ነቅተዋል፤ ግን ዓይናቸውን አይገልጡም። ጣቲቱ እስክትመለስ አፋቸውን ገጥመው፣ በአፍንጫቸው ረጋ ብለው ይተነፍሱላታል።